ባዶ በረት ያልነጠቀው ደስታ



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ በእግዚአብሔር ጥበቃ መታመንና ከዚያ መታመን የሚገኘው ዘላቂ ደስታ ነው። ጉዳዩ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ሰውና በአንድ ጸሎት ላይ ብቻ ለመቆም መርጫለሁ። ሰውየው ነቢዩ ዕንባቆም ነው። ጸሎቱን ደግሞ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቀዋል። በመዝሙረ ዳዊታችን ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ 15 የነቢያት ጸሎቶች ይገኛሉ፤ የሙሴ፣ የሐና፣ የሕዝቅያስ፣ የዮናስ እያለ ሲሄድ የዕንባቆምም በመካከላቸው አለ። ዳዊቱን ለሰባቱ ዕለታት ከፍለው ለሚደግሙ ሰዎች ይህ ክፍል የሚደርሰው እሑድ ነው። ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም ያንኑ ጸሎት በትንቢተ ዕንባቆም ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ያነበዋል። ከእስራኤል ምድር ውጭ የሚኖሩ አይሁድም በሻቩዖት በዓል ሁለተኛ ቀን በምኩራብ ያነቡታል።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሰውየው ደስ ብሎታል። ምን አግኝቶ ደስ አለው ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ያስደነግጣል፤ ያገኘው ነገር የለም። ሊያጣ የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥርና፣ በዚያው ትንፋሽ በእግዚአብሔር ሐሤት እንደሚያደርግ ይናገራል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የንግግሬ ዓላማ ይህን ጥያቄ ከእናንተ ጋር መመርመር ነው።

መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ 3 ምዕራፍ፣ 56 ቁጥር። የነቢዩን የአባት ስም አይነግረንም፣ አገሩንም አይጠቅስም። ዘመኑን ግን ከያዘው ነገር እንረዳዋለን። ይሁዳ በታላላቅ መንግሥታት መካከል የተጣበበች ትንሽ ተራራማ አገር ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 የአሦር ዋና ከተማ ነነዌ ወደቀች። በ609 ቤተ መቅደሱን ያደሰውና ጣዖታቱን የሰባበረው ደጉ ንጉሥ ኢዮስያስ የግብፁን ፈርዖን ኒካዑን ሊገታ ወጥቶ በመጊዶ ሞተ። በ605 ባቢሎናውያን ግብፅን በከርከሚሽ ድል ነሡ። በ597 ኢየሩሳሌምን ያዙ፤ በ586 ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ። በዚህ መካከል በይሁዳ ዙፋን ላይ የተቀመጠው የኢዮስያስ ልጅ ኢዮአቄም ነው፤ ድኻውን ያለ ደመወዝ እያሠራ ሰፊ ቤተ መንግሥት በማሳነጹ ኤርምያስ አጥብቆ የወቀሰው ንጉሥ።

ዕንባቆም አፉን የከፈተው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው፤ መጽሐፉም በምስጋና አይጀምርም። በአቤቱታ ይጀምራል። እስከ መቼ እጮኻለሁ፣ አንተስ እስከ መቼ ዝም ትላለህ ይላል። ዳኝነት ተጣሟል፣ ኃያሉ ደካማውን ይውጣል፣ ሕግ ላልቷል፤ እግዚአብሔር ግን እያየ የማያይ ይመስላል። ቀጥሎ የመጣለት መልስ ከጥያቄው የባሰ ነበር፤ በይሁዳ ግፈኞች ላይ ከለዳውያንን፣ ማለትም ባቢሎናውያንን፣ አስነሣለሁ የሚል። ፈረሶቻቸው ከነብር የፈጠኑ፣ ጉልበታቸውን አምላካቸው ያደረጉ ሰዎች ሊመጡ ነው። ነቢዩ ይህን ሰምቶ ‘እንዳልክ’ ብሎ ዝም አላለም። ሁለተኛ ይሟገታል፤ ንጹሕ የሆንክ አምላክ የባሰውን ክፉ በክፉው ላይ እንዴት ትሾማለህ ይላል። የድል አድራጊውን ነገር በዓሣ አስጋሪ ይመስለዋል፤ ሕዝቦችን በመረቡ እየጎተተ ያወጣል፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ለመረቡ ይሰግዳል፣ ዕጣንም ያጥንለታል። የኃያላንን ልብ በዚህ መጠን አጥርቶ ያየ ሌላ ቃል አላውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስለ ደስታ ስንናገር የምንዘለው ክፍል ይህ ነውና። ሰው ሲያዝን ቶሎ ልናስቆመው እንቸኩላለን። ልጇን የቀበረች እናት ገና በሳልስቷ ‘አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ’ ትባላለች። ሥራውን ያጣ አባወራ ‘እንዴት ነህ?’ ሲባል ‘ተመስገን’ ብሎ ይመልሳል፤ ቃሉ መልካም ነው፣ ዘመናት የተሻገረ እምነትም አለበት። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ያ ‘ተመስገን’ ሆድ ውስጥ ያለውን ጩኸት መክደኛ ይሆናል። ዕንባቆም አልከደነውም። የሚታመንበትን አምላክ ፊት ለፊት ጠየቀው። ሰው የማይታመንበትን አምላክ አቤት አይልም፤ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ አቤቱታው ራሱ የመታመን መጀመሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያለው ደስታ በሁለቱ ምዕራፎች ጩኸት ውስጥ አልፎ ባይመጣ ኖሮ ልናምነው አንችልም ነበር።

ከአቤቱታው በኋላ ወደ መጠበቂያው ማማ ወጣ። ምን እንደሚባል ሊሰማ ቆመ። የተሰጠው መልስ ራእዩን ማንም በቀላሉ እንዲያነበው በሰሌዳ ላይ እንዲጽፍ፣ ቢዘገይም እንዲጠብቅ፣ ጻድቅ በእምነቱ እንደሚኖር የሚናገር ነው። ይህ አጭር መልስ ብዙ ርቆ ተጉዟል። የታልሙድ ሊቃውንት 613ቱ የኦሪት ትእዛዛት በመጨረሻ በዚህ በዕንባቆም አንድ ቃል ላይ እንደ ቆሙ ያስተምራሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜና በገላትያ መልእክቶቹ ይጠቅሰዋል፤ ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ ከተገኙት የመጀመሪያ ጥቅልሎች አንዱ የዚህ መጽሐፍ የሁለት ምዕራፎች ትርጓሜ ነበር። በዚያ በረሃ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች የራሳቸውን ዘመን ጨቋኞች በከለዳውያን ውስጥ አዩ። መከራ የጸናበት ትውልድ ሁሉ ወደዚህ መጽሐፍ መንገዱን ያገኛል።

አሁን ወደ ጸሎቱ ልምጣ። ጸሎቱ 19 ቁጥር ነው። ደስታው የሚሰማው በመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አብዛኛው ክፍል ትዝታ ነው። እግዚአብሔር በጥንት ዘመን ከቴማንና ከፋራን ተራራ እንደ መጣ፣ ተራሮች እንደ ራዱ፣ ባሕሩን በፈረሶቹ እንደ ረገጠ፣ ሕዝቡን ለማዳን እንደ ወጣ ይተርካል። ነቢዩ ራሱ ከግብፅ አልወጣም፤ ባሕሩን አልተሻገረም። የአባቶቹን ነገር ነው የሚያስታውሰው። በየቤታችን ‘ያን ጊዜ እንዲህ ሆነን፣ እግዚአብሔር በዚህ በኩል አወጣን’ እያሉ የሚያወሩ አያቶች የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው። ልጁ ነገ የራሱ ጨለማ ሲመጣበት የሚጨብጠው ነገር እያቀበሉት ነው። በመታመን መደሰት የሚፈልግ ሰው ስሜቱን ለማነሣሣት ከመድከም ይልቅ ትዝታውን ቢመግብ ይሻለዋል፤ ዕንባቆም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከትዝታው ቀጥሎ ፍርሃት አለ። ሆዱ እንደ ታወከ፣ ከንፈሩ እንደ ተንቀጠቀጠ፣ አጥንቱ እንደ ነቀዘ ሳይሸሽግ ይናገራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ደስ የሚለው እየተንቀጠቀጠ ነው። እምነት ፍርሃትን ከሥጋው ላይ አላራቀለትም።

ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል። ስድስት ነገሮችን ይጠራል፤ በለስ፣ ወይን፣ ወይራ፣ የእርሻ እህል፣ በግ፣ ላም። ቅኔ መስሎን ቶሎ ልናልፈው እንችላለን። ለይሁዳ ገበሬ ግን ይህ የቤቱ ሀብት ሙሉ ቆጠራ ነው። በለስ ደርቆ ለክረምት ስንቅ ይሆናል። ወይን መጠጡ ነው። ወይራ ለወጡ፣ ለመብራቱና ለቅባቱ ዘይት ይሰጠዋል። ከእርሻው ስንዴና ገብስ ያገኛል። ከጉረኖው ወተትና የበግ ጠጉር፣ ከበረቱ ደግሞ የሚያርስበት ጉልበት ይመጣል። በቅደም ተከተሉ ውስጥ እየጠለቀ የሚሄድ ነገር አለ። በለስ ቢጎድል ሰው ይከፋዋል እንጂ አይሞትም። እህል ሲጎድል ይራባል። በረት ሲራቆት ግን የጠፋው የዘንድሮው ምግብ ብቻ አይደለም፤ የከርሞው እርሻም አብሮ ሄዷል። ወይራ ደግሞ ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል፤ የወይራ ጥፋት ለልጆች የሚተርፍ ጥፋት ነው። የዚያ ዘመን ወራሪዎች ዛፍ መቁረጥን እንደ ጦር መሣሪያ ይጠቀሙበት ነበር። የአሦር ነገሥታት ወታደሮቻቸው የተምር ዛፍ ሲቆርጡ በቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ ላይ አስቀርጸው ነበር። ኦሪት ዘዳግም እስራኤል ከተማ ሲከብቡ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጡ የሚከለክለውም ነገሩ ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ዕንባቆም እንግዲህ ‘ጥቂት ቢጎድልብኝም’ አላለም። ኑሮ የሚባለው ነገር ከሥሩ ቢነቀል እንኳ ነው ያለው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህ ዝርዝር ሳይተረጎምልን ይገባናል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የሆነውን አያቶቻችን ‘ክፉ ቀን’ ብለውታል። ጣሊያኖች ለጦራቸው በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው፣ ገበሬው ‘ደስታ’ እያለ የሚጠራው የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመሩበት፤ ርሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡ ያለ በሬ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ አበረታቱ። በዚያ ዘመንም ዳዊት ይደገም ነበር። እሑድ ጠዋት ያ ጸሎት ከአፋቸው ሲወጣ በረታቸው በእርግጥ ባዶ ነበር፤ ሞፈርና ቀንበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ከሚደግሙትም ብዙዎቹ በርሃቡ ሞቱ።

ይህን ሳልናገር ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ብናገር በሞቱት ላይ ግፍ መሥራት ይሆንብኛል። በታመኑበት ጊዜ የሞቱ ሰዎች አሉ። እምነታቸው ስላነሰ አልሞቱም። የሞቱት ባሕር ተሻግሮ የመጣ የከብት በሽታ ስለ ነበረ፣ ዝናብ ስለ ቀረ፣ እህል ካለበት ወደሌለበት የሚያደርስ መንገድ ስላልነበረ ነው። በየጊዜው ‘እምነትህ ቢበረታ ኖሮ አይጎድልብህም ነበር’ የሚል ስብከት እንሰማለን። ይህ ትምህርት የታመመውን በሕመሙ ላይ በደለኛ ያደርገዋል፤ ያጣውን በማጣቱ ላይ ያሳፍረዋል። ከዕንባቆም ጸሎትም ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ነቢዩ ‘ስለ ታመንኩ በረቴ ይሞላል’ ቢል ኖሮ ደስታው በበረቱ ላይ የተመሠረተ ይሆን ነበር፤ በረቱ በተራቆተ ቀንም አብሮ ይሄድ ነበር። እርሱ ግን ደስታውን ያኖረው ጠላት ሊቆርጠው፣ በሽታ ሊፈጀው፣ ድርቅ ሊያደርቀው በማይችለው በእግዚአብሔር በራሱ ላይ ነው። አምላኩን ከስጦታው ሁሉ አስቀድሞ ወድዶታል። የዚህ ደስታ ዘላቂነት ምሥጢሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ታዲያ ጥበቃው ምኑ ላይ ነው ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በረት ሲራቆት ዝም የሚል አምላክ ጠባቂ የሚባለው እንዴት ነው? በግሪኩ የዳንኤል መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚገኝ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው አንድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚረዳን ይመስለኛል። ዳንኤል በባቢሎን በሰባት አንበሶች ጉድጓድ ውስጥ ተጥሏል። በይሁዳ ዕንባቆም ወጥ ሠርቶ፣ እንጀራ ፈርፍሮ በሳሕን ይዞ በእርሻ ላይ ላሉ አጫጆች ሊያደርስ መንገድ ጀምሯል። መልአክ ተገለጠለትና ይህን ምግብ ባቢሎን ላለው ለዳንኤል አድርስ አለው። ዕንባቆም ባቢሎንን አይቼ አላውቅም፣ ጉድጓዱንም አላውቀውም ብሎ መለሰ። መልአኩም በራስ ጠጉሩ ይዞ ወስዶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አቆመው። ዳንኤል እግዚአብሔር አስበኸኛል ብሎ አመስግኖ በላ፤ ዕንባቆም ወደ ቦታው ተመለሰ። በሮም ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ቀራፂው በርኒኒ እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሟቸዋል፤ በአንደኛው ወገን ዳንኤል ከአንበሳው ጋር ይጸልያል፣ በማዶው ዕንባቆም ጠጉሩን በመልአኩ እጅ ተይዟል።

ዕንባቆም እስከ ዳንኤል ዘመን ይኖር ነበር ወይ የሚለው የዘመን ቆጠራ ነገር ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እህል ቢጠፋ እንኳ ደስ ይለኛል ያለው ሰው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ እግዚአብሔር ለተራበው እህል የሚልክበት እጅ ሆኗል። ምግቡ ከሰማይ አልወረደም፤ ለሌላ ሰው ተብሎ ከተሠራ ወጥ ላይ መጣ። ዳንኤል የእግዚአብሔርን ጥበቃ ያየው ጉድጓዱ አፍ ላይ በቆመ ሰው ሳሕን ውስጥ ነው። የመታመን ደስታ ያደረበት ሰው ነገ ምን እበላለሁ የሚለው ፍርሃት እጁን ስለማያስረው፣ ሳሕኑን ወደማያውቀው ጉድጓድ ይዞ መሄድ ይችላል። ደስታውና ልግስናው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ያን ክፉ ቀን ያመጣው የከብት በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ፈጽሞ እንደ ጠፋ ታውጇል፤ ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ትግል ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ አፋር ነው። ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ቀን እንዲቆይ ተደርጎ ከተሠራ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች መኪና በማይገባበት በረሃ መንጋውን እየተከተሉ ከተቡ። ላብራቶሪ ውስጥ ያመሸው ተመራማሪም፣ በሐሩር ውስጥ የተጓዘው የአፋር ሰውም፣ ለዕንባቆም የተሰጠውን ዓይነት ሥራ ሠርተዋል። በርካታ ቤተሰብ ዛሬ በረቱ ውስጥ ላም የሚያየው እነዚህ ሰዎች ስለ ደከሙ ነው። ይህን የእግዚአብሔር ጥበቃ ብዬ ስጠራው የሰዎቹን ድካም መቀነሴ አይደለም፤ ጥበቃው የመጣበትን መንገድ መናገሬ ነው።

በሰፈራችንም እናየዋለን። ሞት በገባበት ቤት እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ በመሶብ እንጀራ፣ በድስት ወጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ለቀስተኛው ‘እግዜር ያጥናችሁ’ ብሎ ይቀመጣል። ያ ቃል ብቻውን ቢመጣ ቀላል ነበር። ከድስቱና ከመቀመጡ ጋር ሲመጣ ግን ይከብዳል፤ ማጽናናት ይሆናል። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በድርቅ ከቀያቸው የተፈናቀሉትን በየቤታቸው የተቀበሉ፣ አንዱን ክፍል ለሁለት ከፍለው ያስጠጉ ሰዎች አሉ። ስማቸው በጋዜጣ አልወጣም። ብዙዎቹ ራሳቸው የተረፋቸው ሰዎች አልነበሩም።

የጸሎቱ የመጨረሻ መስመር የሙዚቃ መመሪያ ነው። ጸሎቱ ለመዘምራን አለቃ ተሰጥቶ በአውታር ዕቃ እንዲዜም ያዛል። ብዙ አንባቢ ይህን መስመር አያነበውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደ ነው። ዕንባቆም በራሱ መንቀጥቀጥ ውስጥ ያገኘውን ደስታ ለራሱ ብቻ አላስቀረውም፤ ጉባኤው እንዲያዜመው አሳልፎ ሰጠው። ከጉባኤው ውስጥ በዚያ ቀን መዘመር የማይችል፣ በረቱ ገና ትናንት የተራቆተበት ሰው እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ ከመካከላችን ደስታው ያልመጣለት ሰው ቢኖር ጥርሱን ነክሶ ደስ እንዲለው አልለምነውም። በሚመጣው እሑድ ዳዊት ከሚደግሙ ወይም በየጸሎት ቤቱ ከሚዘምሩ ሰዎች አጠገብ ይቀመጥና እነርሱ ያዚሙለት። ደስታው የመጣለት ደግሞ ከጸሎቱ በኋላ ያንን ሰው ‘እንዴት ነህ?’ ብሎ ይጠይቀው፤ ‘ተመስገን’ የሚለውን መልስ ሰምቶ ሳይሄድ ትንሽ ይቆይ፤ ምሳም ይጋብዘው።